የይበልጣል ብረቶች ወደ ሞጣ

ባለቤቴ ይበልጣል በመጨረሻዎቹ ቀናት የተናገረው ረጅሙ ነገር ስለ ልጆቻችንም ስለ ቤታችንም አልነበረም፤ ስለ ጎልፍ መምቻዎቹ ነበር። «ብረቶቹን ሞጣ ድረስ ይዘሽ ሂጂና ለሑሴን ስጪልኝ። አንድም ሳይጎድል። ይምታባቸውና ማናችን ልክ እንደነበርን ይንገርሽ» አለኝ። እኔም «እሺ» አልሁት። ለሚሞት ሰው የተባለ እሺ እንደ ሌላው እሺ አይደለም።

ይህን ጨዋታ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ጎልፍ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ካለች ጉድጓድ የማስገባት ጨዋታ ነው። መምቻ ጫፋቸው ከብረት የተሠራውን ዱላዎች ተጫዋቾቹ በደፈናው «ብረት» ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ብረት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኳሱ ይርቃል፣ ሲበዛ ይቀርባል። ይበልጣልና ሑሴን ጨዋታውን አዲስ አበባ ውስጥ አብረው ነው የተማሩት። ይበልጣል የመንገድ ቀያሽ ነበር፣ ሑሴን ደግሞ የጨርቅ ነጋዴ። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ሁለት ሙሉ የብረት ስብስብ ሲተውላቸው ምርጫ መጣ። አንደኛው ስብስብ ጀርባው ወፍራም ነው፤ ብትሳሳትም ኳሱን እንደ ምንም ይወስድልሃል። ሁለተኛው ስስ ነው፤ እንደ ቢላ ያምራል፣ ግን ስህተት አይሸከምም። ኳሱን ከመሐል ካላገኘኸው ሕመሙ እስከ ክርንህ ይወጣል፣ በተለይ በብርድ ጧት። በትክክል ስትመታው ግን እጅህ ላይ ምንም አይሰማህም። እንዳልመታህ ነው።

ሑሴን ወፍራሙን ወሰደ፣ ይበልጣል ስሱን። «ወንድሜ፣ ብረት በእጅ ነው የሚመረጥ እንጂ በዓይን አይደለም። ሚስት መሰለህ የምታጭ?» ይለው ነበር ሑሴን። ይበልጣል ደግሞ፣ «ያንተ ብረት ይዋሽልሃል። የኔ እውነቱን ይነግረኛል» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ሑሴን ነበር። እኔ የይበልጣልን ያበጠ አውራ ጣት ለብ ባለ ጨው ውኃ እዘፈዝፋለሁ። ሑሴን የአባቱን ሱቅ ሊረከብ ሞጣ ከገባ በኋላም ክርክሩ በስልክ ቀጠለ፤ ሞት እስኪያቋርጠው ድረስ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። የተቀበረው በትውልድ ከተማው በቢቸና ስለሆነ ጸሎቱ የሚደርሰው እዚያ ነው። ሞጣ ደግሞ ከቢቸና አልፎ በዚያው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው። ልጆቼ «መንገዱ በዚህ ጊዜ አይታመንም፣ ቢያንስ ብረቶቹን ተያቸው» ብለው ለመኑኝ። አልተውኋቸውም።

ዓርብ

ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተነሣን። ብረቶቹን በራሳቸው ጥቁር ረጅም ቦርሳ አድርጌ በጉልበቶቼ መሐል አቆምኋቸው። እስከ ዓባይ በረሃ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር ወሬው ቆመ። በረሃውን አቋርጠን ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስንጨርስ ኬላ ላይ አስወረዱን።

«ይሄ ቦርሳ የማን ነው?» አለ አንድ ወጣት ወታደር።

«የኔ ነው።»

«ክፈችው።»

ከፈትሁለት። አንዱን ብረት መዘዘና አገላበጠው። «ምንድን ነው?»

«የጎልፍ መምቻ ነው።»

«ይሄስ ቁጥር?»

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሲጠይቁኝ አስረዳለሁ። «እሱ አምስት ቁጥር መቶ ስልሳ ሜትር ያህል ይልካል። ይሄኛው ዘጠኝ ቁጥር ግን ከመቶ ብዙም አያልፍም» አልሁት።

የልጁ ፊት ተለወጠ። «ምኑን ነው የሚልከው?»

«ኳስ።»

«ኳሱ የታለ?»

ኳስ አልያዝሁም። ኳስ ሑሴን ዘንድ ሞልቷል ብዬ ነበር። ወታደሩ ወደ ኋላ ዞሮ አለቃውን ጠራ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ያየኛል፤ አንዳንዱ በሐዘኔታ፣ አንዳንዱ በንዴት። አብራን የተሳፈረች አንዲት ሴት «ልጄ፣ ባሏ የሞተባት እኮ ናት፤ ጥቁር ልብሷን አታይም?» አለችው። አለቃው መጣ። ስድስት ቁጥሩን ከቦርሳው አወጣ፣ በእጁ መዘነው፣ ከዚያ መሬት ላይ ያለች ጠጠር በኃይል መታ። ወዲያው ብረቱን ጥሎ እጁን አራገፈ።

«ኧረ ይሄ እጅ ይበላል!»

«ባለቤቴም እንዲሁ ይል ነበር» አልሁት።

አየኝ። ጥቁር ልብሴንም ያኔ ያየው መሰለኝ። «ሂዱ» አለ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ፣ «እትዬ፣ ሁለተኛ ሲጠይቁሽ ዱላ ነው በይ። ሜትር አትጥሪ! እኛ እኮ ልጆች አሉን» አለ። ሰው ሳቀ።

ከመሸ መኪና ስለማይሄድ ደጀን አደርን። ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ አልጋዋ ከቤቴ አልጋ ትጠነክራለች፣ ብርድ ልብሷ ግን ከቤቴ ብርድ ልብስ ይሞቃል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሽሮ ስታቀርብልኝ ቦርሳውን አይታ «በሞትሁ! ይህን ይዘሽ ነው ወደ ውስጥ አገር የምትገቢው? መሣሪያ እኮ ነው የሚመስል» አለችኝ። ገብታ አንድ ነጭ የአቡጀዲ አንሶላ ይዛ መጣች። ብረቶቹን አውጥተን አብረን ጠቀለልናቸው፤ ለሙት ዓመቱ የያዝሁትን ጧፍ ከላይ አሰረችበት። «እንዲህ ሆኖ ማንም አይነካብሽም። አንሶላዬን ስትመለሺ ታመጪልኛለሽ» አለች። ጥቁሩን ቦርሳ እሷ ዘንድ ተውሁ። በብልሃቷ ተደሰትሁ። ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅሁም።

ቅዳሜ

ከደጀን እስከ ቢቸና ማንም አልፈተሸኝም። ጧፉን እያዩ «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ አሳለፉኝ። ሜዳው የታጨደ ነው፤ ቢጫ ገለባ እስከ ዓይን ጥግ ድረስ። እኛ ሰፈር ካለው የጎልፍ ሜዳ አረንጓዴ ሣር ጋር አይመሳሰልም። ሆኖም ከየሜዳው ይበልጣል «እዚህ ጋ በአራት ቁጥር ነው» የሚልበትን ቦታ እየፈለግሁ እንደነበር ድንገት ታወቀኝ።

የይበልጣል ታላቅ ወንድም መሪጌታ አያሌው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ወርቄ ገና ሳልቀመጥ እግሬን አጠበችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እግሬን ያጠበኝ ሰው የለም፤ አፍሬ ብሰበስበው «ተይ እንጂ እታለም!» ብላ ጎተተችው። ጥቅሉን ከነጧፉ ግድግዳው ጥግ አቆምሁ። ስለ ሞጣ ከጸሎቱ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ የሙት ዓመት ዋዜማ ስለ ሌላ ጉዞ ማውራት ነውር መሰለኝ። በድካም ተኛሁ።

እሑድ

ጎሕ ሲቀድ ከወርቄ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ማኅሌቱ ገና አላለቀም። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁና ባለሁበት ቀረሁ።

ካህናቱ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። እንደ ወትሮው በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ በከበሮው ልክ ከፍ ዝቅ እያደረጉት ያሸበሽባሉ። ከመቋሚያዎቹ መሐል ግን የሚያብረቀርቁ አሉ። ራሱ ብረት፣ ዘንጉ ብረት፣ መያዣው ጎማ ተገልብጦ ከታች። የይበልጣል ብረቶች ናቸው።

«ወርቄ! ያ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ያንቺ ስጦታ ነዋ!» አለች ዓይኗ እያበራ። «መሪጌታ ማልደው ወስደውት ነው። እንዴት ደስ ብሏቸዋል! 'የአዲስ አበባ ሰው መቋሚያ ከብረት አሠርታ አመጣች፤ ከታች ጎማ አለው፣ አያንሸራትትም' ሲሉ ነበር። አጭር መሆኑ ብቻ ነው ያልጣማቸው።»

በዚህ አገር ለሙት ዓመት የመጣ ሰው ለሟቹ ነፍስ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ያገባል፤ ጥላ፣ መጋረጃ፣ መቋሚያ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጧፍ የታሰረበት ረጅም ጥቅል ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ማንም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ጸሎቱን ሁሉ ቆሜ የማስበው ሌላ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የገባ ዕቃ እንዴት ይወጣል? ለማን እንደሚሄድስ እንዴት ብዬ ልናገር?

ከጸሎት በኋላ ዘመድ ሁሉ መሪጌታ ቤት ለመታሰቢያው ምግብ ተቀመጠ። የቀረበልኝን አልነካሁም። በመጨረሻ ተነሣሁና፣ «መሪጌታ፣ ያ የብረት ዱላ ስጦታ አይደለም። ይበልጣል ሞጣ ላለ ጓደኛው ለሑሴን፣ ሳይጎድል እንድሰጥለት አደራ ብሎኛል» አልኋቸው።

አንዲት የባሌ አክስት ከጥግ፣ «ለታቦት የገባውን አውጥታ ለእስላም ልትሰጥ ነው?» አሉ።

«አደራ ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።

«አደራማ ነው። በፊት አትናገሪም ነበር? አሁን እኛን ሌባ ልታስመስዪን ነው?» አሉ አክስቲቱ።

መሪጌታ እጃቸውን ታጠቡ። ቀስ ብለው ነው የታጠቡት፤ ያን ያህል የረዘመ መታጠብ አይቼ አላውቅም። «እታለም 'ሰጠሁ' ብላ በአፏ አልተናገረችም» አሉ። «ሰጪው በአፉ ያልሰጠውን ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችም። የኔ ፋንታ ነበር መጠየቅ፤ አልጠየቅሁም። ካህናቱን ጥሯቸው።»

ብረቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ያመጣ ሁሉ «ደግሞም አጥሮብን ነበር» እያለ ኀፍረቴን አቀለለልኝ። ስቆጥር ግን ሰባት ቁጥሩ የለም። እሱን የያዙት አባ ጥሩነህ የሚባሉ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ካህን ናቸው። ለሌላው ያጠረው ለሳቸው ልክ ሆነ፤ የራሳቸው መቋሚያ ተሰብሮ ስለነበር ደስ እያላቸው ያንኑ ተመርኩዘው ራቅ ወዳለ ደብር ለንግሥ ሄደዋል። ረቡዕ ሳይሆን አይመለሱም።

ሳይጎድል ነበር ያለኝ።

ሰኞ

መሪጌታ «ጠብቂያቸው» ቢሉኝም የሞጣ መኪና ያን ቀን ከሄደ መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም። የጎደለውን ጥቅል ይዤ ወጣሁ። ስልክ አይሠራም፤ ለሑሴን መምጣቴን መንገር አልቻልሁም። ከደብረ ወርቅ አለፍ እንዳልን ከሩቅ ተኩስ ተሰማና ሾፌሩ መኪናውን ከባሕር ዛፍ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። አንዲት እናት የልጇን አፍ በነጠላዋ ይዛ ነበር። እኔ ጥቅሉን አቅፌ፣ እዚህ ብቀር ይህን ብረት ያገኘ ሰው ምን ብሎ ያስብ ይሆን እያልሁ ነበር። ብዙ ቆይቶ አንድ ባለ አህያ ከፊታችን መጣ።

«ሰላም ነው?» አለው ሾፌሩ።

«ለጊዜው ሰላም ነው» አለና አለፈ። በዚያ «ለጊዜው» ሞጣ ገባን።

ሑሴን መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሙት ዓመቱ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያም ብረቶቹን እንደማመጣለት ስለሚያውቅ ጧት ጀምሮ በየመኪናው ይመለከት ኖሯል። ሽበቱ በዝቷል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው። «እህት አስናቀች!» ብሎ ቀረበ። ጥቅሉን ከእጄ ተቀበለኝ።

ሚስቱ ዘይነባ ዶሮዋን ክርስቲያን ጎረቤቷ ቤት አሳርዳ፣ በጎረቤቷ ድስት አሠርታ፣ በጎረቤቷ ሳሕን አስመጥታ ጠበቀችኝ። እሷ አትቀምሰውም። «ጨው ጎድሎት እንደሁ ማወቂያ የለኝም፤ ጥፋቱ የሷ ነው» አለች ወደ ጎረቤቷ እያመለከተች። ጎረቤቷም «ቅመሽና ፍረጂኝ እንግዲህ!» አለቻት። ይበልጣል ከሞተብኝ ወዲህ ሳሕኔን ጠርጌ የበላሁት ያን ቀን ነው።

ከምግብ በኋላ ሑሴን ጥቅሉን ምንጣፍ ላይ ፈታ። ብረቶቹን በየቁጥራቸው ደረደረ። ስድስት ቁጥሩ ላይ ያለችውን የጠጠር ጭረት በጣቱ ዳበሰ። ከስድስትና ከስምንት መሐል ባዶ ቦታ ተወ። ቀና ብሎ አየኝ። ነገርሁት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ባዶውን ቦታ ብቻ ያያል። እኔ የባሌን ቃል የጣልሁ መሰለኝ፤ «ይቅር በለኝ» ስል፣ «ለዛሬ እረፊ» አለኝ።

ማክሰኞ

ድሮ ሑሴን ከከተማው ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ይጫወት ነበር። አሁን የብረት ዱላ ይዞ ሜዳ መውጣት ቀርቷል። ግቢው ውስጥ ጆንያዎች ደራርቦ በገመድ ሰቅሏል፤ ኳሱን ወደዚያ ይመታል።

«ኳሱ የት እንደሄደ በምን ታውቃለህ?» አልሁት።

«አላውቅም። የሚነግረኝ እጄ ብቻ ነው።»

አምስት ቁጥሩን አነሣና መታ። «እሳት!» ብሎ ጮኸ፤ ጣቶቹን በብብቱ ሥር ወሸቀ። ስምንቱን ሞከረ። ባሰበት። ዘይነባ በመስኮት «ጥርስህን ልታስወልቅ ነው ሰውዬ?» ትለዋለች። እሱ እንባው እስኪመጣ ድረስ ሳቀ። «ለዚህ ብሎ ነው የላከብኝ። ሞቶም ይቀልድብኛል!»

ሁሉንም ሞከራቸው። አንዱም አልታዘዘውም። ላቡን እየጠረገ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «አየሽ፣ ማንም ሰው ጨዋታውን ሲማር መጀመሪያ የሚያስይዙት ሰባት ቁጥርን ነው። አይረዝምም፣ አያጥርም። ይበልጣል ስሱን ብረት የገራው በሰባቱ ጀምሮ ነው። ያለ ሰባቱ 'አንተ ተሳስተህ ነበር' ብዬ ብፈርድበት ፍርዴ ግፍ ነው። ሰባቱ ይምጣልኝ።»

«እሺ» አልሁ። ሁለተኛ እሺ።

«ሽማግሌውስ? ሰባቱን ስትወስጂባቸው በምን ሊቆሙ ነው?» አለኝ። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሑሴን ወደ ሱቁ ገባ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሚሸጠው ጥላና ነጠላ መሐል አንድ የወይራ መቋሚያ ይዞ ወጣ። «ቁመታቸው ምን ያህል ነው?» አለኝ። ከማኅሌቱ እንደማስታውሳቸው በእጄ ደረቴ ላይ አሳየሁት። በመጋዝ ለክቶ ቆረጠው። ከዚያ ከአሮጌ ጎማ ቆርሶ ከታች ገጠመለት። «ጎማውን ለምደውት ይሆናል» አለ።

ረቡዕ

ቢቸና ስደርስ አባ ጥሩነህ መሪጌታ በር ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለት እጃቸው ሰባት ቁጥሩ ላይ። ነገሩ ተነግሯቸዋል። መቋሚያውን ሰጠኋቸው። ተነሡ፤ በወይራው ቆመው ጥቂት ተራመዱ፣ በብረቱም ጥቂት ተራመዱ።

«ብረቱ ይሻለኛል» አሉ።

መሪጌታ ወደ መሬት አዩ። የአንድ ሽማግሌ ምርኩዝ መንጠቅ አልችልም፤ ባዶ እጄንም መመለስ አልችልም።

«የወይራውን የላከው ሰው ያውቀኛል?» አሉ አባ።

«አያውቅዎትም፣ አባ። ቁመትዎን ጠየቀኝ፣ በእጄ አሳየሁት።»

«ጎማውንስ?»

«ለምደውት ይሆናል ብሎ ነው።»

አባ ጥሩነህ የወይራውን ግርጌ አንሥተው ጎማውን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ቁመቴን ጠይቆ የሠራልኝ የለም፤ ዕድሜዬን ሁሉ ከቁመቴ ጋር ስታገል ነው የኖርሁት» አሉ። ብረቱን ወደኔ ዘረጉ። «ውሰጅለት። ለሱም ለባልሽም እጸልያለሁ።»

ሐሙስ

ሰባት ቁጥሩን ሞጣ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠነው። መሪጌታ በገዛ ጋቢያቸው ጠቀለሉለት። እሑድ ዕለት የተቆጡት አክስት ሲጠቀለል ቆመው ያዩ ነበር፤ መጨረሻ ላይ «እንዳይወድቅብህ» አሉት ሾፌሩን። ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው መሪጌታ «ዱላ ነው» አሉ። ሜትር አልጠራሁም።

ደጀን ላይ አንሶላውን መልሼ ባዶውን ቦርሳ ተቀበልሁ። ኬላው ላይ ሌላ ወታደር ቦርሳውን ከፍቶ እጁን እስከ ክንዱ ከተተና «ባዶ ነው» አለ። «አዎ» አልሁት።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። መንገዱ እንደገና ተዘጋ ተባለ። ሾፌሩ ይድረስ አይድረስ፣ ብረቱ በየትኛው ኬላ ቀርቶ ይሆን እያልሁ ስንት ሌሊት አደርሁ። ባዶው ቦርሳ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ልጆቼ ሊያነሡት ሲሉ ከለከልኋቸው።

አንድ ጧት ስልኬ ጮኸ። ሑሴን ነው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። «ሰባቱ ደርሷል፤ ስሚ» አለና ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠው። የዶሮ ድምፅ ይሰማል፤ የዘይነባም ድምፅ ከሩቅ። ከዚያ አየሩ ሲሰነጠቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም ጆንያው «ድም» አለ። ጩኸት ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ሑሴን? እጅህን አመመህ?»

«ምንም አልተሰማኝም» አለ። «አስናቀች፣ ምንም። እንዳልመታሁት ነው።»

ከበሩ ኋላ ያለውን ቦርሳ አየሁ።

«ድገመው» አልሁት።